በቀኝ የተደረበ ልብስ

ለውድ ወንድሜ ለሪዮሄይ፣

ወንድም ጋሼ፣ እኛ ስንተኛ ፀሐይ በሚወጣበት አገር እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍክልን የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይወጋሃል? የብራዚልን ሙቀት ለመድከው? ቁንዶ በርበሬው ዘንድሮ እንዴት ያዘልህ? አብሮህ በመርከብ የሄደው ሞሪካዋ፣ እሁድ እሁድ ሩዝ ቀቅላ የምትጠራህ ሚስቱ፣ ልጆቻቸውም ሁሉ ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ከአንተ ጀምሮ አንድ በአንድ ይድረሳቸው። የአንተን ናፍቆት ግን በወረቀት ልጨርሰው አልችልም።

እዚህ ላይ «እኛ ለጤናችን በጣም ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ያለፈው ደብዳቤ እንደዚያ ይላል፤ አባታችን አጠገቤ ቆሞ ነው ያስጻፈኝ። ይህን ግን እሱ ሳያውቅ ነው የምጽፍልህ። ወንድም ጋሼ፣ ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ። ብቻህን ከሆንክ ሞሪካዋን ጥራው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው አጠገብህ ሆኖ፣ ትከሻህን ይዞ ነበር ሊነግርህ የሚገባው። እኔ ያለኝ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

በደብዳቤህ «ፉሚ ምነው ድመቷን ሳትልክልኝ ቀረች? ተኮራረፍን እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አባታችን ከሚያትመው ወረቀት ቁርጥራጭ ቀይ ቀዩን እየመረጠች በየደብዳቤው ግርጌ የምትለጥፍልህን ድመት ማለትህ ነው። አላኮረፈችህም። ፉሚ የለችም። በረዶው እስከ መስኮቱ በደረሰበት በጥር ወር እህታችን ሞተችብን።

መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጣ። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ሐኪሙ ወደ እኛ ወደ ላይ መምጣት ስላልቻለ አዝያት ወረድኩ፤ አባታችን ከፊት በአካፋ በረዶውን እየከፈተ፣ እኔ ከኋላ። «ኢሳሙ፣ አትሩጥ፣ ድመቷ ትወድቃለች» ትለኝ ነበር። በእጇ የያዘችው ምንም ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ቤት ስንደርስ በሕይወት ነበረች፣ እሱም የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ሲነጋ ግን አለቀ። ስድስት ዓመት ሞልቷት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ትምህርት የምትጀምርበትን ሚያዝያን ስትጠብቅ ነበር። እስካሁን ጀርባዬ ላይ ትከብደኛለች፤ ደረጃ ስወጣ እጄ ወደ ኋላ ሄዶ ሊይዛት ይሞክራል።

አባታችን እንዳንነግርህ የከለከለን ክፋት ኖሮት አይደለም። «ብንነግረው ባሕሩን በእግሩ ይሻገራል? እዚያ ብቻውን ከማበድ በቀር ምን ያመጣል? ይቆይ» አለ። እኔም እሺ ብዬ ነበር። አሁን ግን በእናታችን የመጣው ከእኔ አቅም በላይ ሆነብኝ፤ አንተ ካልሰማኸኝ የምናገረው ሰው የለኝም።

የፉሚን ገላ ያጠበችው እናታችን ናት። ጎረቤታችን እትዬ ኦቶሴ «ተይ አንቺ፣ እኔ ላድርገው፤ የእናት እጅ ለዚህ አልተፈጠረም» ብትላት አልሰማቻትም። ነጩን ልብስ ራሷ ሰፋች፣ ራሷ አለበሰቻት፣ እንደ ደንቡም የቀኙን ጎን በግራው ላይ ደረበችው። ይህን ደንብ አንተ መቼም አትረሳውም። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትጣደፍ ቀኙን ከላይ ደርበህ ብትወጣ፣ እናታችን በባዶ እግሯ ሮጣ ደርሳብህ «አንተ! ሳትሞት ልቅበርህ? እንዲህ የሚለብሰው ሬሳ ነው!» እያለች መንገድ መሐል ልብስህን ስትፈታብህ መንደሩ በሙሉ ስቆብሃል። «ሕያው ሰው ግራው ከላይ» እያለች ነው ሦስታችንንም ያሳደገችን።

ገላዋን አቃጥለን አመዷን ቤት ካስገባን በኋላ እናታችን አሻንጉሊት ከምታጥፍበት ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። የሴት ልጆች በዓል በአሮጌው አቆጣጠር እየቀረበ ስለነበር ነጋዴው ኩራታ እንደየዓመቱ በበዓሉ ለወንዝ የሚለቀቁትን የወረቀት አሻንጉሊቶች ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱ አባታችን ባለፈው መከር ያተመው ነው፤ ነጭ የፕሪም አበባ በቀይ ላይ፣ ማዕበል በሰማያዊ ላይ፣ ባለፈው ዓመት አንተ ቀለሙን የነገርከን ቁንዶ በርበሬም በአረንጓዴ ላይ አለ። እጇ ያውቀዋል። ወረቀቱን ትቆርጣለች፣ እጅጌውን ታጥፋለች፣ ደረቱን ትደርባለች፣ በሩዝ ሙጫ ታጣብቃለች፤ ወንዱን ከሴቷ አጠገብ ታስተኛለች። አላለቀሰችም። እትዬ ኦቶሴ እኔን ወደ ጓሮ ወስዳ «ተዋት፣ አትንኳት፤ ሥራ የያዘ እጅ ሐዘንን ያደክመዋል» አለችኝ። እኛም ደስ አለን፤ ሳጥኖቹ ሲሞሉ እያየን ልቧ የሚመለስ መሰለን።

አባታችን ግን ወደ ማተሚያው ክፍል መግባት ተወ። ሙጫው ገንቦው ውስጥ ሸተተ፤ ብሩሾቹ ደርቀው እንደ ጃርት እሾህ ቆሙ። ፉሚ ስትወለድ እንደ ቃጫ ቀጥ ብላ ትደግ ብሎ የፈለፈለውን የቃጫ ቅጠል ማተሚያ ንድፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቁሞታል። ባልና ሚስቱ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ አንዱ ሥራ መጀመር አቃተው፣ አንዷ ደግሞ ማቆም።

ኩራታ የመጣው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ለፉሚ ጧፍ አበራላት፣ እጁን አጣምሮ ጸለየ። ከዚያ እናታችንን ፈገግ ለማሰኘት ብሎ እንደ ልማዱ «እመቤት፣ ዘንድሮም ወንዙን በሙሽራ ልትሞይው ነው! ዓሦቹ መንገድ አጣን ብለው ይከሱሻል» አላት። ሳጥኑን ከፈተ፣ አንዷን አነሣ፣ ወደ ብርሃኑ ያዛት። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሌላ አነሣ። ሌላ ሳጥን ከፈተ። እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። ሁሉም፣ ወንዱም ሴቷም፣ ቀኙ ከላይ ነው የተደረበው። ሁሉንም እንደ ሬሳ ነው ያለበሰቻቸው።

ኩራታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ ሃሩዞ» አለ አባታችንን፣ «ይህን እኮ እናቶች በሴት ልጆቻቸው ገላ ላይ ያሻሹታል። የልጄን በሽታ ይዘህ ሂድ ብለው ነው ለወንዝ የሚሰጡት። እኔ ይህን ለማን እናት እሰጣለሁ?» እናታችን ቀና ብላ «ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች። አሻንጉሊቷን ከእጁ ተቀብላ አየቻት፤ «ውይ፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብላ ልብሱን በጥንቃቄ ፈታች፣ ወረቀቱን በጥፍሯ አለሰለሰች፣ እንደገና ደረበችው። ቀኙ ከላይ። «ይኸው» ብላ ሰጠችው። ኩራታ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሳጥኖቹን ሳይወስድ ቀረ።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ «እማዬ፣ ግራው ከላይ» እላታለሁ። «አዎ፣ ግራው ከላይ» ትለኛለች። አፏ ይህን እያለ እጇ ቀኙን ከላይ ያመጣዋል። እጇን በእጄ ይዤ ሞከርኩ፤ አብራኝ ታጥፋለች፣ ከለቀቅኳት በኋላ የሚቀጥለውን እንደዚያው ታደርገዋለች። እጇ ፉሚን ያለበሰ ጊዜ እዚያው ቀርቷል። እሷ ወደ ቤት መጣች እንጂ እጇ አልመጣም።

ወሬው ከወንዙ ቀድሞ ቁልቁል ወረደ። አንዳንድ ሴቶች በደጃችን ሲያልፉ የልጆቻቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው መያዝ ጀመሩ። እትዬ ኦቶሴ ግን ከኩራታ መምጣት በፊት ለልጅ ልጇ አንድ ጥንድ ወስዳ ኖሯል፣ ሕፃኗንም አሻሽታበታለች። ደንግጬ ልነግራት ብሄድ ጉልበቷን እየመታች ሳቀችብኝ፤ «እሷ ትናንት ጥርስ አብቅላ ጣቴን ነከሰችኝ! ይልቅ አንተ ወዲህ ና፤ ፊትህ እንደከረመ ፍጅል ተጨማዷል፣ ብላ!» አለችኝ። ሳህን ሙሉ ትኩስ ሩዝ ሰጠችኝ። ስበላ ጀርባዬን አሸችኝ፣ ልክ ፉሚ ባለችበት ቦታ ላይ። እሷ አታውቅም።

የቤተ መቅደሱ አለቃ መጥተው «አሻንጉሊቶቹን አምጧቸው፣ ጸሎት አድርገንላቸው በክብር እናቃጥላቸዋለን» ብለው ነበር። አባታችን ሳጥኖቹን ሊያነሣ ሲል እናታችን በላያቸው ተደፋች። «አንዷን አቃጠላችሁብኝ፣ አይበቃም?» አለች። አለቃውም አባታችንም ከዚያ ወዲያ አልነኳቸውም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ወረቀት ነው ብዬ እችለው ነበር። አሁን የምነግርህ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ። በያዝነው ሳምንት መጀመሪያ እናታችን ቁርስ ልታቀርብ ከጓዳ ወጣች፤ ጸጉሯን አበጥራለች፣ መቀነቷን አሥራለች፣ ኪሞኖዋን ግን ቀኙን ከላይ ደርባዋለች። አባታችን የያዘውን ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠ። ተነሣ፣ መቀነቷን ፈታ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ልብሷን አስተካክሎ ግራውን ከላይ አደረገላት፣ መልሶ አሠረላት። እሷም እጇን ዘርግታ ቆመችለት። አባታችን ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቶ ግድግዳውን በቡጢ ሲመታ ሰማሁት። በማግስቱ ጠዋትም ቀኙን ከላይ ደርባ ወጣች። ዛሬም። በየቀኑ አባታችን ያስተካክላታል፣ በየቀኑ እሷ ለሞት ለብሳ ትወጣለች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። አሻንጉሊቶቹ በገለባ ሰፌድ ተጭነው የሚለቀቁበትን ድንጋይ ታውቀዋለህ፤ እዚያ ላይ ትቀመጣለች። እኔም ከኋላዋ እቀመጣለሁ። ትናንት እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ ከቆየች በኋላ «ኢሳሙ፣ ይህ ውሃ ይቀዘቅዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም ይቀዘቅዛል፣ እማዬ» አልኳት። «እኔ አልቀዘቀዘኝም» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ በበዓሉ ዕለት ሁሉም ሴት የራሷን ይዛ ስትወርድ እሷም የእሷን ይዛ እንደምትወርድ ነገረችኝ። «ብቻቸውን አልሰዳቸውም» አለች። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ቃል በአፏ ስትለው እጅጌዋን ይዤ ነበር፤ እስካሁን የለቀቅኩት አይመስለኝም።

ሐኪሙ አይቷት ሰውነቷ ጤነኛ ነው ብሏል። ትምህርት ቤት መሄድ ትቻለሁ። የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተናው በዚህ ሳምንት ነው፤ አስተማሪዬ ቤት ድረስ መጥቶ «አንድ ቀን ብቻ፣ ኢሳሙ፣ አንድ ቀን ሰው ይጠብቅልህ» ብሎ ለመነኝ። ማን ይጠብቅልኝ? አባታችን ጠዋት ካስተካከላት በኋላ ቀኑን ሙሉ ባዶው ማተሚያ ፊት ተቀምጦ ይውላል። እትዬ ኦቶሴ ሕፃን አለባት። እኔ ደግሞ ከእናቴ ፊት አልርቅም፤ እናቴ ግን እኔን አታየኝም። በየቀኑ ያለ ሰው እንደ ቤት ምሰሶ ነው፣ ይደገፉታል እንጂ አያዩትም። እኔም እኮ እህቴ ሞታብኛለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ልበለው።

ዛሬ ጠዋት አሻንጉሊት እያጠፈች ድንገት «ኢሳሙ፣ እኔ ስንት ልጆች አሉኝ?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። እሷም «አንዱ አንተ ነህ፤ ሌላውስ የታለ?» አለች። ብራዚል ነው፣ ሪዮሄይ ነው፣ ደህና ነው አልኳት። «እንደሱ ነው ያሉኝ» አለች። አየህ፣ አንተንም አላመነችም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለእሷ አሁን ፉሚ ያለችበት ነው ያለው። ደብዳቤህን አነበብኩላት፤ አሻንጉሊቱን ማጠፏን አላቆመችም። ወረቀት አልፈለገችም። በወረቀት ጠግባለች። የሚያስፈልጋት የሚተነፍስ፣ ሆዱ የሚጮህ፣ በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ ራበኝ የሚላት ልጅ ነው።

የሥራ ውልህ ገና ብዙ እንደሚቀረው አውቃለሁ። ለበዓሉ እንደማትደርስም አውቃለሁ፤ መርከቡ አይደርስም። በበዓሉ ዕለት እኔ እይዛታለሁ። ድንጋዩ ላይ አብሬያት እቆማለሁ፣ ሰው ምንም ቢለኝ እጅጌዋን አልለቅም። ከዚያ ወዲያ ላለው ቀን ግን ጉልበት የለኝም። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እንቅልፍ ሲወስደኝ እናቴን የሚወስድብኝ እየመሰለኝ እባንናለሁ።

ወረቀቱ እያለቀ ነው፣ ሰላምታውን ላድርስልህ። እትዬ ኦቶሴ «ለዚያ ለቁንዶ በርበሬ ገበሬ ንገረው፣ ሚስት ሳያገኝ እንዳይመጣ፤ ካገኘ ደግሞ ከእኔ የምትወፍር ትሁን» ብላ ነበር፤ ይህን ያለችው ከጥር በፊት ነው፣ ሌላ ሰላምታ ልጠይቃት አልደፈርኩም። ነጋዴው ኩራታ በደህናው ጊዜ ሁልጊዜ ያነሣህ ነበር። አስተማሪዬ ሰላም ብሎሃል። አባታችን መጻፌን ስለማያውቅ ሰላምታ አልላከም፤ አንተ ግን ስትጽፍ አትቆጣው፣ ጸጉሩ በአንድ ክረምት ነጣ። ከፉሚ የማደርስልህ ሰላምታ የለኝም። ከደብዳቤው ሁሉ ይህቺን መስመር መጻፍ ነው የከበደኝ።

የእናታችንን ሰላምታ እንዴት እንደማደርግ ሳስብ እሷው ገባች። «ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። «ለወንድም ጋሼ» አልኳት። ቀስ ብላ ቁጭ አለች። «ስለ ፉሚ ነገርከው?» «ነገርኩት።» ወረቀቱን አንሥታ አላነበበችውም፤ ቀለሙ እስኪበላሽ ድረስ በመዳፏ ዳበሰችው። ይቅርታ፣ ከላይ ቀለሙን ያበላሸው እንባ አይደለም፣ የእሷ እጅ ነው። ከዚያ «ጻፍ» አለችኝ። «እንዳይመጣ ንገረው። መንገዱ ሩቅ ነው። ባሕር ላይ ነፋስ አለ፣ እሱ ደግሞ ካፖርት መልበስ አይወድም፤ ይበርደዋል» አለች። ተነሥታ ሄደች። ከፉሚ ወዲህ ስለ ሕያው ልጅ ስትጨነቅ የሰማኋት አሁን ነው፣ ይህን ብቻ ነው።

የእናት ቃል ነውና ሳላጎድል ጽፌልሃለሁ፤ አትምጣ ብላሃለች። እኔ ግን እልሃለሁ፦ ና። ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ና።

ታናሽ ወንድምህ
ኢሳሙ

ሱጊታኒ መንደር፣ ቶቶሪ
በሾዋ ዘመን በአርባ አንደኛው ዓመት፣ መጋቢት ሲገባ